«ወላጅ ይምጣ» የሚለው ወረቀት

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ኅዳር ወር ላይ የሆነ ነው። በዚያው ዓመት የተመደበ የ2ኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህር ለአንዲት ተማሪው ቤተሰብ በ3 ሳምንት ውስጥ 3 ጊዜ ወረቀት ላከ። ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ «ወላጅ ይምጣ» ይላል። ልጅቷ 9 ዓመቷ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባት፤ ስትናገር ከሁለትና ከሦስት ቃል አታልፍም። ክፍል ውስጥ ሽንቷ እያመለጣት ልብሷ ይርሳል። መምህሩ ወረቀቱን እሷ ትጥለዋለች ብሎ በጎረቤት ልጅ እጅ ላከው። እናቷ አልመጣችም። ከሦስተኛው ወረቀት በኋላ ደግሞ ልጅቷ ራሷ ቀረች። መምህሩም አቴንዳንሱ ላይ «የቤተሰብ ክትትል የላትም» ብሎ ጻፈ።

አዲስ መምህራን በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ክፋት ኖሯቸውም አይደለም። እኛ አገር «ወላጅ አምጣ» የሚባለው ልጁ መስታወት ሲሰብር ወይም ሲደባደብ ነው። ልጅህ ጎበዝ ነው ሊባል የተጠራ አባት የለም። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ላላቸው ወላጆች ደግሞ ቃሉ ከዚህም ይከብዳል። ይህች እናት ከዚያ በፊት ሁለት ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ሁለቱም ቦታ በትሕትና «ለእሷ የሚሆን ቦታ ቢፈልጉላት ይሻላል» ተብላ የተመለሰች ናት። የጎረቤቱ ልጅ ከግቢው በር ቆሞ፣ ተከራዮቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ቲቸር ወላጅ ይምጣ ብሏል!» ሲል ሊያባርሯት ነው ብላ ደመደመች። ሳይነግሯት በፊት ራሷ አስቀረቻት።

ይህ የታወቀው የትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህርት እናቲቱ ጉሊት ድረስ ስለሄደች ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ትሸጣለች፤ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥታ የምትገባው ማታ 1 ሰዓት ነው። ወረቀቱ ሰዓት ባይጽፍም ትምህርት ቤቱ ወላጅ የሚያነጋግረው ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ጉሊቱን ጥሎ መሄድ የዕለቱን ገቢ ማጣት ነው፤ ቦታውንም ሌላ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ አዲስ መምህር መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ይመችዎታል? የት?» ብሎ ነው። መልሱ ከሥራ ሰዓት ውጪ ከሆነ ዳይሬክተሩ ወይም ዩኒት ሊደሩ ቀድሞ ሊያውቀውና ሊያመቻችለት ይገባል። በራሱ ጊዜና በራሱ የታክሲ ሒሳብ የሚመላለስ መምህር ከሁለት ወር በኋላ ይሰለቻል።

በማግስቱ ሁለቱ መምህራን አብረው ሄዱ። የመጀመሪያው ጉብኝት አልተሳካም። ወጣቱ መምህር ቀን ከቀን የመዘገባቸውን 7 ችግሮች ከማስታወሻው እያየ ነገራት፤ ትሸናለች፣ ትነሣለች፣ አትጽፍም። እናቲቱ ለእያንዳንዱ «እሺ ቲቸር» አለች። ሲመለሱ እሱ ተደስቷል፣ ተግባብተናል ብሏል። የልዩ ፍላጎት መምህርቷ ግን እንዳልተግባቡ ገብቷታል። ሰባት ጊዜ «እሺ» ያለ ሰው አንድም አልጠየቀ፣ አንድም አልተከራከረ። እንዲህ ያለው «እሺ» የአክብሮት መሸኛ ነው። ወላጁ «እሱማ አይሆንም፣ ቤት እኮ እንዲህ አታደርግም» ማለት ሲጀምር ነው ንግግሩ የተጀመረው።

ከሦስት ቀን በኋላ ማስታወሻውን ትቶ ተመለሰ። ከፊት ለፊቷ ከመቆም ይልቅ አጠገቧ የተደፋ ሳጥን ላይ ተቀመጠና ከሥራ ባልደረባው ጋር ቀድሞ የተለማመዳቸውን ሦስት ጥያቄዎች ጠየቀ። ቤት ውስጥ ማንም ሳያግዛት የምትሠራው ምንድን ነው? ስትከፋ፣ ሲርባት ወይም የሆነ ነገር ስትፈልግ በምን ያውቃሉ? ስትረበሽ ምን ያረጋጋታል? ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅ የሥራው ግማሽ ነው። እናቲቱ ለመጀመሪያው ቶሎ አልመለሰችም፤ ስለ ልጇ ማንም ጠይቋት የማያውቀው ጥያቄ ነበር። ኋላ ግን ሽንኩርቱን አሳየችው። ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ፣ የተላጠውን ለብቻ እየለየች መደብ የምትሠራው ልጅቷ ናት። በክፍል ውስጥ ቁጥር የማታውቅ የተባለችው ልጅ አምስት አምስት ሽንኩርት ትደረድራለች።

ሁለተኛውን ስትመልስ እናቲቱ የራሷን ሹራብ ግራ እጅጌ ይዛ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገች። «ሽንቷ ሲመጣ እንዲህ ታደርጋለች። ቤት አንድ ቀን አምልጧት አያውቅም።»

መምህሩ ያንን እጅጌ መሳብ በየቀኑ ሲያየው ከርሟል። «እጅሽን አውርጂ፣ ወደ ሰሌዳው እዪ» እያለ ሲያርማት ነበር።

ልጅቷ ወደ ክፍል ከተመለሰች ወዲህ ያለው የተግባር ሥራ ነው። ልጅቷ ጠዋት በምገባ ቁርሷን ከሻይ ጋር ትወስዳለች፤ የመጀመሪያው ዕረፍት ግን 4 ሰዓት ነው። ዕረፍት ሲሆን ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ ይጨናነቃል፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፤ እሷ ጨለማ ትፈራለች። ስለዚህ ከዕረፍቱ 10 ደቂቃ ቀድማ፣ ሰው ሳይኖር እንድትሄድ ተደረገ። እጅጌዋን ከሳበች ያለ ጥያቄ ትወጣለች። አንድ ቀሚስና ሁለት የውስጥ ልብስ በፌስታል ልዩ ፍላጎት ክፍል ተቀመጠ። ደብተሯ ላይ አልጨምር ያላት ቁጥር በጠርሙስ ክዳን፣ አምስት አምስት እየተደረደረ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ስሕተት ተሠራ። መምህሩ በቅርብ ያገኘውን ተማሪ «ውሰዳት» እያለ ይልካት ነበር። አንድ ቀን ወንዶቹ ሳቁባት፤ በማግስቱ እንቢ ብላ ክፍል ውስጥ አመለጣት። እናቲቱ ይህን ስትሰማ የጠየቀችው ስለ ሳቁ አልነበረም፤ «ከማን ጋር ነው የምትሄደው?» አለች። ይህን ጥያቄ አዲስ መምህር በቀላሉ ማለፍ የለበትም። መናገር የማትችል ሴት ልጅ ያላት እናት የምትፈራው ጥቃትን ነው፤ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስቀምጡትም በዚህ ፍርሃት ነው። መልሱ ስም መሆን አለበት፦ እገሊት የምትባለው የሴቶች ረዳት፣ እሷ ከሌለች እገሊት፣ ሌላ ማንም አይወስዳትም። እንዲህ ተባለ፤ እናቲቱም ሁለቱን ሴቶች በአካል ተዋወቀቻቸው።

ሌላው ጥያቄዋ «ኋላ ታባርሯታላችሁ?» የሚል ነበር። እዚህ ላይ «አይ፣ ችግር የለም» ብቻ በቂ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ማንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይላል። መምህሩ ይህን በቀላል አማርኛ መናገር ከቻለ ወላጁ በችሮታ እንደገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ አይቀመጥም።

እናቲቱ ማንበብ አትችልም። በመጀመሪያ ከትምህርት ቤት የሚላክላትን የልጅቷ የ12 ዓመት ወንድም እንዲያነብላት ታስቦ ነበር፤ ይህ ሁለት ችግር አለው። ልጁ መጥፎ መስሎ የታየውን ለእናቱ አይነግራትም፤ የእህቱ ገመናም እሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር በሥዕል ተዘጋጀ። አንድ ገጽ አንድ ሳምንት ነው፤ አምስት መስመር፣ በየመስመሩ ሁለት ሳጥን፣ አንዱ ባልዲ (ለመጸዳጃው) አንዱ ጠርሙስ ክዳን (ለቁጥሩ) የተሣለበት። ደህና ከዋለች ምልክት ይደረጋል፣ ካልሆነ ባዶ ይተዋል። ኤክስ አይደረግም፤ ኤክስ የተማሪ ቤት ቋንቋ ነው፣ ያልተማረ ሰውም ትርጉሙን ያውቀዋል። እናቲቱ በየማታው ከታች አንድ መስመር ትሰምራለች፣ አይቼዋለሁ ለማለት። ዓርብ ማታ መምህሩ ይደውልላታል፤ ከ3 ደቂቃ አያልፍም፣ ልጅቷ በሠራችው ነገር ይጀምራል። ከሁለት በላይ የቤት ሥራ ለወላጅ መስጠት ምንም እንዳለመስጠት ነው፤ ለሁለት ሳምንት አንድ ነገር ይበቃል።

ስለ ጸበልም መነሣቱ አይቀርም። እናቲቱ ሁለት ሱባኤ ልትወስዳት እንደምትፈልግ ስትናገር ወጣቱ መምህር ሊከራከር ዳድቶት ነበር። እምነት ላይ የሚነሣ ክርክር በሩን ይዘጋዋል። የሚጠየቀው ቀኑ ነው፤ ለ14 ቀን የምትይዘው ሥራም ይዘጋጅላታል። ጥንቃቄ የሚያሻው የሚጥል በሽታ ያለባቸውና መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ሲሆኑ ነው። መድኃኒቱ በድንገት ከተቋረጠ ከባድና ተደጋጋሚ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲሄዱ፣ ከተቻለ የጤና ባለሙያ ባለበት፣ በግልጽ መነገር አለበት።

በአንድ ክፍል ከ50 በላይ ተማሪ ያለው መምህር ሁሉም ቤት አይደርስም። በሦስት ወይም በአራት ቤተሰብ ይጀምር፣ ግን መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ ገና ምንም ችግር ሳይፈጠር። የመጀመሪያውን ጉብኝት ልምድ ያለው ሰው አብሮት ይሂድ፤ ሲመለሱም መንገድ ላይ «ስንት ጊዜ እሺ አለች?» ብሎ ይጠይቀው።

ሰኔ ላይ፣ በሚቀጥለው ዓመት በ3ኛ ክፍል የሚያስተምራት መምህር ማን እንደሆነ ሲታወቅ፣ ስም ጠሪው፣ እናቲቱና የልዩ ፍላጎት መምህርቷ ተቀምጠው የሚተላለፍ አንድ ገጽ ጻፉ። ካርድ ውጤት ያሻግራል፤ መምህር ዓመቱን ሙሉ የተማረውን ግን ካልተጻፈ ይዞት ይቀራል። በምን እንጀምር ሲባል እናቲቱ አላመነታችም። «ግራ እጅጌዋን ስትስብ እንዳትቆጧት ብለህ ጻፍልኝ» አለች።