የእናቴ ሙዝ

ዛሬ ከእናቴ ጋር ሐኪም ዘንድ ነበርን። ኩላሊቷ ከደከመ ቆይቷል። የደም ውጤቷ ሲመጣ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን 6.1 ሆነ። ጤነኛ ሰው ላይ ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው። ሐኪሟ ወዲያው የልብ ምርመራ አዘዘችላት። ደረቷ ላይ ሽቦዎቹ ሲለጠፉ እጇን ይዤ ቆምኩ። እጇ በረዶ ሆኗል።

«እማማ፣ ምን ይመገባሉ?» ስትላት፣ «ሙዝ ነዋ! ለስላሳ ስለሆነ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት» አለቻት። ሙዙን የምገዛላት እኔ ነኝ። ክው አልኩ።

አንድ መካከለኛ ሙዝ 420 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሲየም አለው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል፤ ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ሙዝ በላሁ ብሎ አይስጋ። ኩላሊት ሲደክም ግን ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምልክት የለውም። እናቴ እኮ ምንም አላመማትም ነበር! አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ፖታሲየም ከፍ ያደርጋሉ፤ እሷም አንዱን ትወስዳለች።

ልቧ ደህና ነው፣ ተመስገን። መድኃኒቷ ተቀየረ፣ በሙዙ ፋንታ ፖም ተፈቀደላት። ቤታችሁ የኩላሊት ታማሚ ካለ፣ እባካችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለ ፍራፍሬም ጠይቁ። እኛ ከነገ ወዲያ ደሟን እንደገና እናስመረምራለን።