ሐምሌ የጠፋበት ቢሮ

ኦዲተሩ መነጽራቸውን አውልቀው «የሐምሌ ሰነድ የለም» አሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀምጦ ሐምሌ የለም ማለት ድፍረት ነው፤ ታዲያ ያን ሁሉ ዝናብ ማን አዘነበው? ኃላፊያችን ግን ያሰቡት ዝናቡን ሳይሆን የጤፍ ግዢውን ነበርና ዐይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ።

ቢሯችን የየወረዳውን ግዢ በየአቃፊው ያስቀምጣል፤ ደጀን ለብቻው፣ ሞጣ ለብቻው፣ ቢቸና ለብቻው። ሰነድ ሲጠየቅ ኮምፒውተሩ ራሱ እየመረጠ ወደ ፍላሽ እንዲገለብጥ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ትእዛዝ ጽፎለት፣ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄዷል። ትእዛዙ «*/ሐምሌ*» ይላል። በየትኛውም አቃፊ ውስጥ ስሙ በሐምሌ የሚጀምር ፋይል ሁሉ ይምጣ ማለቱ ነው። የመጣው ግን «*/ሐምሌ* የሚባል ፋይል የለም» የሚል መልስ ብቻ ነበር። ትእዛዙን የሚያነበው ፕሮግራም፣ ባሽ፣ የሚመሳሰል ሲያጣ ንድፉን እንዳለ፣ ከነኮከቡ፣ እንደ ፋይል ስም አድርጎ ያስተላልፈዋል። ኦዲተሩ «ይህ ኮከብ ማን ነው? ሠራተኛ ነው?» ብለው ጠየቁ።

በመጀመሪያ ቢቸናን አየሁ። የቢቸናን ሰነድ የሚይዙት ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩት የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ነጭ ጤፍን ከሰርገኛ ጋር ማደባለቅ ነውር መስሏቸው ለእያንዳንዱ የውስጥ አቃፊ ከፍተውለታል። አንድ ኮከብ ደግሞ አቃፊና አቃፊን የምትለየውን እዝባር (/) አትሻገርም፤ አንድ ደጅ ከፍታ እዚያው ትቆማለች። እስከ ጓዳው የሚዘልቀው ድርብ ኮከብ፣ «**»፣ ነው። ባሽ ይህን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 በ4ኛው እትሙ ነው፤ ያውም ሆን ተብሎ ካልተከፈተ ድርቡ እንደ ነጠላው ይሠራል። ከፈትኩትና «**/ሐምሌ*» አልኩት። ቢቸና ከነሰርገኛው ከተፍ አለ። ደጀንና ሞጣ ግን ዝም።

የሁለቱ ሰነድ የሒሳብ ሠራተኛችን ዘንድ ነው። አቃፊዋን ስከፍት ሁሉም ፋይል «ሀምሌ» ይላል።

«ምን ልዩነት አለው?» አለች ደንገጥ ብላ። «ሀ ለጣቴ ትቀርበኛለች።»

የኔታ ከወንበራቸው ተነሡ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። «ልጄ፣ ይህን ያህል ዘመን ስናገር ማን ሰማኝ? ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ አንድ አይደሉም ስል ሳቃችሁ። ይኸው፣ የተማረ ዕቃ መጣ!» ብለው ኮምፒውተሩን ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

የኔታን ማስደሰት አንድ ነገር ነው፣ ኦዲተር ማሰናበት ሌላ። የጥያቄ ምልክት የማንኛውም አንድ ፊደል ምትክ ስለሆነች «**/?ምሌ*» ብዬ ጻፍኩ። ምንም የለም። ለካ የማሽኑ የቋንቋ ቅንብር ዩኒኮድ፣ የዓለምን ፊደላት የሚያውቀው ሥርዓት፣ አልነበረም፤ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥራል። ዩኒኮድ በሚቀመጥበት መንገድ፣ በዩቲኤፍ 8፣ ደግሞ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ እንዲህ ባለ ማሽን ላይ አንዲት ሀ ሦስት የጥያቄ ምልክት ትፈልጋለች። ሦስቱን ስደረድር ኦዲተሩ ከትከሻዬ በላይ አይተው «እናንተም ትጠራጠራላችሁ ማለት ነው» አሉ።

ቅንብሩን አስተካከልኩና በቅንፍ «**/[ሀሐኀ]ምሌ*» አልኩት፤ ከሦስቱ አንዱ ይበቃል ለማለት። ደጀንም ሞጣም ገቡ። ኃላፊያችን ተነፈሱ። የኔታ ግን ቅንፉን በጣታቸው እየጠቆሙ «አንተ ልጅ፣ ስሕተትን በሕግ ልታጸድቅ ነው? ሀን አውጣት!» ብለው አፋጠጡኝ። ኅዳርና ነሐሴም በዚሁ መንገድ እንደሚመጡ የነገርኳቸው ጊዜማ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

ኦዲተሩ ፍላሹን ይዘው ሲሄዱ በእጃቸው ጽፈው፣ ፈርመው ደረሰኝ ተዉልን፦ «የሀምሌን ሰነድ በሙሉ ተረክቤአለሁ።» የኔታ አንብበው መለሱልኝ። እስኪታረም ድረስ መዝገብ ቤት አይገባም ብለዋል፤ ደረሰኙ አሁንም እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።