በሞቴ የማይባልበት በርገር

ነሐሴ ላይ ደብረ ብርሃን እንዴት እንደምትበርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ጭጋጉ ግቢ ድረስ ይገባል፣ የታጠበ ልብስ ሶስት ቀን አይደርቅም፣ ሰው ሁሉ ሹራብ ደራርቦ እሳት ዳር ነው። በዚህ ሰሞን ነው እንግዲህ የእህቴ ልጅ ሚጡ ለክረምት ከአዲስ አበባ መጥታ "አክስቴ በርገር ስሪልኝ" ያለችኝ። ዘጠኝ አመቷ ነው። ጓደኞቿ ልደት ላይ ሁሉም በርገር ሲበላ እሷ ከቤት ቋጥራ የወሰደችውን ድንች እየበላች ነው የከረመችው፣ ሲሊያክ አለባትና።

ሲሊያክን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ፣ እኛ ቤት አለርጂ እያልን ነው የምንጠራው እንጂ ከአለርጂ ይለያል። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ፣ የስንዴ ሊጥ እንደ ማስቲካ የሚሳበው በሱ ነው፣ እሷ ይሄን ስትበላ የራሷ ሰውነት መከላከያ ይነሳና ትንሹን አንጀቷን ያቆስለዋል። ከንፈር አያብጥ፣ ትንፋሽ አያጥር፣ እዛው ፊታችሁ ላይ ምንም አይታይም፣ ለዛ ነው ሰው የማያምነው። በኋላ ነው ሆዷ የሚነፋው፣ የሚያስቀምጣት፣ ደም ማነሱ፣ ቁመቷ አልጨምር ማለቱ። ሳይታወቅ በፊት ስንት ጊዜ የትል መድሃኒት እንደዋጠች፣ ሰፈር ውስጥ ቡዳ ነው ያለም አልጠፋ። በመጨረሻ በደም ምርመራና በኢንዶስኮፒ ታወቀ። የሚዋጥ መድሃኒት የለውም፣ እድሜ ልክ አለመብላት ነው። እግረ መንገዴን፣ የምትጠረጥሩ ካላችሁ ከምርመራው በፊት ስንዴውን እንዳታቋርጡ፣ ካቋረጣችሁ ውጤቱ ላይይዘው ይችላል።

የጎረቤታችን ልጅ ማሙሽ ደግሞ እንቁላል አለርጂ አለበት። የሱ ትክክለኛው አለርጂ ነው፣ ትንሽ ከነካው በደቂቃ ውስጥ ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሽ ካጠረው ማር አቅምሱት ጠበል ርጩበት ሳይባል ቀጥታ ሀኪም ቤት ነው። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ አብረው ነው የሚጫወቱት፣ ለአንዷ ሰርቼ አንዱን ባዶ እጁን ልሰደው አልችልም። በዛ ላይ ፍልሰታ ነው፣ እማዬ ትጾማለች። ስለዚህ ያለ ስንዴ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ለጊዜው ያለ ስጋም የሚሰራ በርገር ማለት ነው፣ በርገር ከተባለ።

መጀመሪያ በጣም ከባድ መስሎኝ ነበር፣ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚሉኝ የአልመንድ ዱቄት፣ ዛንታን ጋም ምናምን ነው፣ እሱን ደብረ ብርሃን ማን ይሸጥልኛል። በኋላ ሳስበው ግን እኛ እኮ በአመት ከግማሽ በላይ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የሚያበስል ህዝብ ነን። ፈረንጅ እንቁላል ለሚተካ ነገር ተልባ ፈጭተህ በውሃ በጥብጥ እያለ ሲጽፍ እማዬ ሳቀች፣ "ተልባን ለኛ ሊያስተምሩን ነው?" አለች። እውነቷን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሶስት ማንኪያ ውሃ፣ አስር ደቂቃ ሲቆይ ያ ዝልግልግ የሚለው ነገር እንደ እንቁላል ያያይዛል።

መከራ ያየሁት ወፍጮ ቤት ላይ ነው።

ጤፍ ግሉተን የለውም፣ እሺ፣ ሁላችንም እንደዛ ነው የምንለው። ግን እዚህ እኛ ጋ ገብስ አገር ነው፣ ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ ጠላው ገብስ፣ እንጀራውም ብዙ ቤት ከገብስ ይቀየጣል። ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ከፊታችሁ ያለችው ሴትዮ ገብስ ካስፈጨች የእናንተ ጤፍ የሚወርደው በሷ ገብስ ላይ ነው። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ጠዋት በ12 ሰአት ሄድኩ፣ የመጀመሪያ ልሁን ብዬ፣ ባለ ወፍጮውን ለመንኩት፣ ጥሩ ሰው ነው ጠርጎ አስፈጨልኝ፣ ግን ከመጥረጊያው በኋላ ራሱ ከድንጋዩ ጎን ነጭ ዱቄት ቁጭ ብሎ አየሁት፣ የትናንት ማታ ስንዴ። ጤፉን ለእማዬ አደረግኩት።

የምግብ ደረጃ የሚያወጣው ኮዴክስ አንድ ምግብ ከግሉተን ነጻ እንዲባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን አይኑርበት ነው የሚለው። አንድ ኪሎ ዱቄት ውስጥ አንዲት ቁንጥር ስንዴ ከገባች አለቀ ማለት ነው። ይሄን ለእማዬ ስነግራት "ታዲያ ይቺ ልጅ አየሩንስ እንዴት ትተነፍሰው" አለችኝ።

የተገኘው መላ ይሄ ነው። ጤፉን በፍሬው የምንጃር ገዛሁ። አውድማ ላይ ስንዴም ገብስም ይወቃል፣ ስለዚህ ፍሬው ውስጥ አንዳንድ ስንዴ ይገኛል፣ ነገር ግን ጤፍ ደቃቃ ስለሆነ በቀጭን ወንፊት ሲነፋ ጤፉ ይወርዳል ስንዴውና ገብሱ ከላይ ይቀራል፣ ፍሬው ትልቅ በሆነ እህል ይሄን ማድረግ አትችሉም። ከአንድ ኪሎ ላይ ሰባት ፍሬ ስንዴ ለቀምኩ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከዛ አቧራው እንዲሄድ ደጋግሜ አጠብኩ፣ ፀሀይ የለም እንጂ ፀሀይ ላይ ይሰጣል፣ እኔ ምድጃ ዳር በንጹህ ጨርቅ አደረቅኩት፣ ሁለት ቀን ፈጀ። የፈጨሁት በአዲስ የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ነው፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግኩ፣ መሃል ላይ እየጋለ እያሳረፍኩት። የአያቴ የድንጋይ ወፍጮ አለ፣ መጁም አለ፣ ግን ስንት ዘመን ገብስ የፈጨ ድንጋይ ነው፣ ድንጋዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው አይታጠብም። ምጣዱም እንደዛው፣ የሸክላ ነገር የበላውን አይተፋም፣ ስለዚህ ለሷ አዲስ መጥበሻ ገዛን፣ እማዬ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። በነገራችን ላይ ሰናፍጭ አለርጂ የሆነበት ሰው ካለ ምጣድ የምናሰስበት ጎመን ዘር የሰናፍጭ ዘመድ ነው፣ እሱን ማንም አያስበውም።

እርሾም ከጎረቤት አይወሰድም፣ የጎረቤት እርሾ ገብስ ያለበት ሊጥ ነው። የታሸገ የዳቦ እርሾ ተጠቀምኩ።

የመጀመሪያው ዳቦ፣ ምን ልበላችሁ፣ በሱ ሰው መምታት ይቻላል። እንደ ስንዴ አሸሁት፣ ጠብቄ ጠብቄ አልነሳም፣ ጋገርኩት ጡብ ሆነ። ለካ የጤፍ ሊጥ አይታሽም፣ የሚስብ ነገር ስለሌለው አየሩን የሚይዝለት የለም፣ ስለዚህ ቀጠን አድርጎ እንደ ወፍራም ገንፎ አድርጎ ተልባ መጨመር ነው። በሁለተኛው 2 ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች፣ 3 ማንኪያ ተልባ በ9 ማንኪያ ሞቅ ባለ ውሃ የተዘፈዘፈ፣ 2 የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ትንሽ ስኳር፣ ጨው፣ ዘይት፣ ከዛ ውሃ እስኪበቃው። ይሄ ሊጥ ቅርጽ አይዝም፣ ይፈሳል፣ ስለዚህ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ከላይም ከታችም ቆርጬ አጥቤ እንደ ቀለበት አደረግኩት፣ መጥበሻው ላይ ደርድሬ ሊጡን እስከ ግማሽ ሞላሁ፣ ብርድ ስለሆነ ከምድጃው አጠገብ ሁለት ሰአት ገደማ ቆየ፣ ከዛ ክዳን ገጥሜ በዝግታ። ስታወጡት ሞቅ እንዳለ ብሉት፣ በማግስቱ ይፈረፈራል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ዳቦው ከሚያደክም ወፈር ያለ የጤፍ ቂጣ ጋግሮ መሃሉ መጠቅለል ይሻላል፣ እኔ አሁን እንደዛ ነው የማደርገው፣ ግን ሚጡ "የበርገር ዳቦ ክብ ነው" ብላ ስለተሟገተችኝ ነው ዳቦውን የጋገርኩት።

በጾሙ የሰራሁት በሽምብራ ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፌ ጠዋት ጣድኩት፣ ይበስላል ብዬ ስጠብቅ ምሳ ሰአት አለፈ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ ከ2700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 91 ዲግሪ ላይ ነው፣ እሳቱን ብታነዱት ብታነዱት ከዛ አያልፍም፣ ለዛ ነው እዚህ ጥራጥሬ የሚያስቸግረው፣ ፕሬዠር ኩከር ያላችሁ ተገላገላችሁ። ሲበስል ውሃውን በደንብ አጥልዬ፣ ከቀይ ሽንኩርት ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ወቅጬ፣ በተልባ አያይዤ፣ ቀዝቀዝ እስኪል አቆየሁት፣ ትኩሱን ከጠበሳችሁት ይበተናል። እማዬ ሁለት በላች፣ "ሽሮ ነው ጠንክሮ የተቀመጠ" አለች፣ ግን ሁለት በላች።

ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ወደ ስጋው ሄድን። የተፈጨ ስጋ አልገዛሁም፣ በማሽኑ ከዛ በፊት ምን እንዳለፈ አላውቅም፣ ቀይ ስጋ ገዝቼ እንደ ክትፎ በቢላ ከተፍኩት። ቀይ ብቻ ከሆነ ይደርቃል፣ ስብ ያስፈልገዋል፣ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል። እኔ የከተትኩት የመንዝ በግ ላት ነው፣ ከቤት የነበረ፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ከራሴ ነው፣ አሁን ሌላ ስብ አልፈልግም። ከአንድ ኪሎ ስምንት ወጣ። ጨው መጀመሪያ ላይ አታሹበት፣ ስጋው ይጣበቅና እንደ ሶሴጅ ይሆናል፣ ልትጠብሱ ስትሉ ከላይ ነስንሱ። መሃሉን በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርጉት፣ ያለዚያ ሲጠበስ ተሰብስቦ ኳስ ይሆናል። እንቁላል ራሱ አያስፈልገውም፣ ስጋው ራሱን ይይዛል፣ ተልባውን ለዳቦው ብቻ ነው የተውኩት።

አንድ ነገር ግን፣ እኛ ጥሬ ስጋ የለመድን ሰዎች ስለሆንን "ለብ ለብ ይበቃዋል" እንላለን። በርገር ላይ አይሆንም። ሙሉ ስጋ ላይ ያለ ጀርም ከላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሲከተፍ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ መሃሉ ድረስ መብሰል አለበት፣ ቴርሞሜትር ያላችሁ 71 ዲግሪ፣ የሌላችሁ አንዱን ቆርጣችሁ እዩት፣ ቀይ ውሃ ካለው መልሱት። በተለይ ለልጅ።

ማባያው ላይ ነው ብዙ ወጥመድ ያለው። ማዮኔዝ እንቁላል ነው፣ ለማሙሽ መርዝ፣ በሱ ፈንታ አቮካዶ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ፈጭቼ አቀረብኩ። አይብ አላደረግኩም፣ ከፈለጋችሁ ሲሊያክ አይብ አይከለክልም፣ ወተት አለርጂ ያለበት ሰው ግን ንጥር ቅቤም ቢሆን አይንካ፣ ሲነጠር ፕሮቲኑ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። አኩሪ አተር ሶስ ብዙው ስንዴ አለበት። አዋዜ ደግሞ፣ አንዳንዱ ሰው በቢራ ነው የሚያቀጥነው፣ ቢራ ገብስ ነው፣ እኔ በውሃና በዘይት በጠበጥኩት። ስልጆ በዚህ በርገር ላይ እንዴት እንደሚያምር ብነግራችሁ፣ ግን የባቄላው ዱቄት መልሶ ወፍጮ ቤት ነው፣ ስለዚህ ለትልልቆቹ ብቻ ለብቻው ሳህን።

ድንቹን በአዲስ ዘይት ጠበስኩ። ይሄን የተማርነው ተቃጥለን ነው፣ ባለፈው አመት አንድ ካፌ ስንዴ የለውም ተብለን ችብስ ገዝተንላት ለሶስት ቀን ታመመች፣ ለካ ዘይቱ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ የተጠበሰበት ነው። አስተናጋጁ አልዋሸም፣ ድንች ውስጥ ስንዴ የለም።

ቀኑ ደርሶ ሁሉም ተሰብስቧል፣ የማሙሽ እናት አለች፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም ጋሼ ከመሀል ሜዳ መጥቷል። የልጆቹ በርገር ለብቻው ቀይ ክር ባለው መጥበሻ፣ የኛ ዶሮ ወጥ በሌማቱ። ሚጡ በሁለት እጇ ይዛ ስትነክሰው አቮካዶው በአገጯ ወረደ፣ ማሙሽ ዳቦውን ትቶ ስጋውን ብቻ እየበላ። እማዬ ቀምሳ "ስጋው ጥሩ ነው፣ ዳቦው ግን ኩበት ይመስላል" አለች፣ መልኩን ነው፣ ጣዕሙን አላማችም።

እኔ ፈርቼ የነበረው ጉርሻን ነው። ወፍጮውም መጥበሻውም ይስተካከላል፣ ፍቅር ያለው ሰው እጅ ላይ ያለ የገብስ እንጀራ ግን ምን ትሉታላችሁ። አትጎርስም ማለት ነውር ነው፣ እህቴ በዚህ ስንቱን ዘመድ እንዳስቀየመች። እማዬ ራሷ ባለፈው አመት "ትንሽ እኮ ናት፣ ተባርካለች" ብላ አጉርሳት ሚጡ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ነው ያደረችው፣ ከዛ ወዲህ እማዬ ስለዚህ ነገር አታወራም።

ጋሼም እንደፈራሁት ወጡን በእንጀራ ጠቅልሎ፣ ትልቅ አድርጎ፣ ወደ ሚጡ ዞረ። "እንኪ ብዬሻለሁ የኔ ልጅ፣ በሞቴ" አለ። ልጅቷ እኔን አየች። አፌን ከመክፈቴ በፊት እማዬ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ እጁን አየር ላይ ያዘችው።

"በሞቴ" አለችው፣ "አታጉርሳት!"

ጋሼ ግራ ገብቶት አንዴ እሷን አንዴ ጉርሻውን አየና ለራሱ ጎረሰው። ሚጡ ሁለተኛውን በርገር አነሳች።