አራቱ ዳንሰኞችና ድንጋዩ

ሰሞኑን አንድ ሥዕል ላይ ተጥጄ ነው የማመሸው። እ.ኤ.አ. በ1845 ለንደን የታተመ ሊቶግራፍ (ድንጋይ ላይ ተሥሎ በወረቀት የሚታተም ሥዕል) ነው፤ አልፍሬድ ሻሎን ሥሎት፣ ማጓየር የሚባል ባለሙያ ድንጋይ ላይ አሰፈረው። በዚያው ዓመት «ፓ ደ ካትር» የተባለውን የአራት ሰው ዳንስ አብረው የደነሱ አራት የባሌት ዳንሰኞች አሉበት፦ ማሪ ታልዮኒ፣ ካርሎታ ግሪዚ፣ ፋኒ ቼሪቶና ሉሲል ግራን። ታልዮኒ መሐል ላይ እጆቿን አንሥታ ቆማለች፤ ሦስቱ ዝቅ ብለው ከበዋታል።

አጉልቼ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ታልዮኒ ያኔ 41 ዓመቷ ነው፣ ግራን ገና 26። ፈልጌ ፈልጌ ልዩነት አጣሁ። ሁሉም ያችው ትንሽ አፍ፣ ያው መሐል ለመሐል ተከፍሎ የተለጠፈ ጸጉር። እግራቸውማ አይወራ! በዚያ እግር እንኳን መደነስ፣ ሱቅ ደርሶ መመለስም አይቻል።

የሚያስቀው፣ የዳንሱ ጠብ የተፈታው በዕድሜ ነበር። ጁላይ 12 በለንደኑ ሀር ማጀስቲስ ቴአትር ሊታይ ሲል፣ ማን በስንተኛ ተራ ለብቻዋ ትደንስ በሚል ነገር ተነሣ። የክብሩ ቦታ መጨረሻው ነው። እሱን ለታልዮኒ ለቀቁላት፤ ከእሷ በፊት ባለው ተራ ግን ቼሪቶና ግሪዚ አልስማማ አሉ። የዳንሱ ደራሲ ዡል ፔሮ ጸጉሩን እየነጨ ወደ ቴአትሩ ኃላፊ ወደ ላምሊ ሄደ። ላምሊም በዕድሜ የምትበልጠው ትውሰደው ብሎ ፈረደ። ከዚያማ ተራውን የሚፈልግ ጠፋ! ይህን ያጫወተን ራሱ ላምሊ ነው፤ ትንሽ ሳያሳምረው አልቀረም።

ሻሎንም ሆነ ማጓየር ከዚህ ጠብ አንዲት ጭረት አላስገቡም። የሊቶግራፍ ዘዴውም ለማለስለስ ያመቻል። ዜኔፌልደር የተባለ ጀርመናዊ በ1790ዎቹ መጨረሻ ያገኘው ነው፤ ምስጢሩ ቅባትና ውሃ አለመስማማታቸው ነው። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ፣ ግራ ቀኙን ገልብጠው ይሥላሉ። ሙጫና ጥቂት አሲድ ይቀቡታል፣ ከዚያ በውሃ ያረጥቡታል። ቀለም ሲዳመጥበት እርሳሱ ያረፈበት ብቻ ይይዛል። ብረት ላይ እንደሚፈለፈል ሥዕል የጠነከረ መስመር የለውም። የታልዮኒ ቀሚስ ጫፍ ላይ ጥላው የእርሳስ ብናኝ ብቻ ነው፤ ጨርቁ የት አልቆ አየሩ የት እንደጀመረ አይለይም።

አራቱ አብረው በዚያ ወቅት የደነሱት አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ንግሥት ቪክቶሪያ ተገኝታለች። ወረቀቱ ግን እየታተመ መሸጡን ቀጠለ። ቴአትሩ ደጃፍ ያልደረሰ ሰው ታልዮኒን በዚህ መልክ አወቃት፤ እኔም ከዚያው ወገን ነኝ።

የፔሮ እርምጃዎች ጠፍተዋል። ኪዝ ሌስተር በ1936፣ አንቶን ዶሊን ደግሞ በ1941 ዳንሱን እንደገና ሲያዘጋጁ፣ የያዙት ሙዚቃውንና እንደዚህ ያሉ ሥዕሎችን ነው። የዶሊንን በቪዲዮ አየሁት። አራቱ ያንኑ አቋም ይዘው ሲቆሙ ደስ አለኝ፤ ይበልጥ ደስ ያለኝ ግን ሲዘሉ ጫማቸው ወለሉን ሲመታ መስማቴ ነው። ሻሎን ቢሰማው ይከፋው ነበር።