ግሎክ 19፦ ሦስተኛ፣ አራተኛና አምስተኛ ትውልድ ጎን ለጎን፣ ከነብረቱ ልባስ

ግሎክ 19 የተባለው ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣ ወዲህ ስሙ አልተቀየረም፤ ውስጡ ግን ደጋግሞ ተቀይሯል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ባገለገሉ ሽጉጦች ገበያ በብዛት የሚገኙት ሦስተኛው፣ በ2010 የወጣው አራተኛውና በ2017 የወጣው አምስተኛው ትውልድ ናቸው። ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እንዴት እንዳወዳደርኳቸውና ምን እንዳገኘሁ እጽፋለሁ። የሦስቱም አፈሙዝ 102 ሚሊ ሜትር ነው፣ ካዝናቸው 15 ጥይት ይይዛል፣ ባዷቸውን 600 ግራም አካባቢ ይመዝናሉ። ወረቀት ላይ ያሉት ቁጥሮች ስለሚመሳሰሉ ልዩነቱን ማግኘት የሚቻለው በመፍታትና በመተኮስ ብቻ ነው።

ከመፍታቱ በፊት አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። ግሎክ የሚፈታው ቃታው ተስቦ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ካዝናውን አወጣለሁ፣ ስላይዱን (ከላይ የሚንሸራተተውን ብረት) ወደ ኋላ ስቤ አቆማለሁ፣ ጥይት የሚገባበትን ቦታ በዓይኔም በጣቴም አያለሁ፣ ጥይት የሚባል ነገር ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣ አደርጋለሁ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ ካዝናው ሳይወጣ ስላይዱን የሳበ ሰው አንዱን ጥይት ያስወጣና ሌላውን ራሱ ያስገባል። ይህ ካለቀ በኋላ ወደማያሰጋ አቅጣጫ አነጣጥሬ ቃታውን እስባለሁ፣ ስላይዱን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ እገፋለሁ፣ በሁለቱ ጎን ያሉትን ትንንሽ መቆለፊያዎች ወደ ታች ይዤ ስላይዱን ወደ ፊት አወጣለሁ። ይህ በሦስቱም ትውልድ አንድ ነው።

ልባሱን ከማየቴ በፊት ስላይዱንና አፈሙዙን በአልኮል ጠርጌ ዘይቱን አነሳለሁ። ዘይት የተቀባ ብረት ሁሉ ጥቁርና አዲስ ይመስላል፤ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። ከደረቀ በኋላ በጠንካራ መብራትና አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር የማያቸው ቦታዎች የስላይዱ የፊት ጠርዞች፣ ቀለህ የሚወጣበት መስኮት ዳርና የአፈሙዙ የላይኛው ጀርባ ናቸው። ማህደር (ሽጉጡ ተከቶ የሚያዝበት) የሚፍቀው እዚያ ነው፣ ብረት ከብረት የሚላላጠውም እዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያየውን ነገር ሲተረጉም ነው። በሦስተኛው ትውልድ ላይ የምናየው ጥቁር ቀለም ብረቱን የሚጠብቀው ነገር አይደለም። የሚጠብቀው ከሥሩ ያለው ቴኒፈር የሚባለው ሕክምና ነው፤ ብረቱ በጋለ የጨው ቀላጭ ውስጥ ሲነከር ናይትሮጅንና ካርቦን ወደ ገጹ ይሰርጋሉ፣ የብረቱ ቆዳ ራሱ ይጠነክራል። ጥቁሩ ከላይ የተደረበ ፎስፌት ነው፤ መልኩን ያሳምራል፣ ዘይት ይይዛል። ስለዚህ ጠርዙ ነጣ ብሎ ግራጫ ብረት የሚታይበት የቆየ ግሎክ ጥበቃውን አላጣም። ዋጋ ለመቀነስ ምክንያት ይሆናል፤ ላለመግዛት ግን አይሆንም። በዚያ ነጣ ያለ ቦታ ላይ ብረት የሚያጠቁር ፈሳሽ በመቀባት ለማጥቆር መሞከርም ትርፍ የለውም፤ በናይትሮጅን የጠነከረ ገጽ ያን ፈሳሽ በደንብ አይቀበልም፣ ዥጉርጉር ሆኖ ይቀራል።

አራተኛው ትውልድ በሚመረትበት ዘመን ሥራው በጨው ቀላጭ ከመንከር ወደ ጋዝ ተቀየረ። መልኩም ተለወጠ፤ ድብዝዝ ያለ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ ሆነ። አሠራሩ በመሠረቱ የአንድ ቤተሰብ ነው፦ የብረቱን ገጽ መለወጥ እንጂ መቀባት አይደለም። አምስተኛው ግን በእጅ ሲዳሰስ ጭምር ይለያል። ኤንዲኤልሲ የሚባለው ልባስ እጅግ ስስ፣ ጠንካራና ሙልጭ ያለ የካርቦን ሽፋን ነው። ከማህደር ሲወጣና ሲገባ የሚተወው ምልክት በጣም ያነሰ ነው፣ የባሩድ ጥቀርሻም በጨርቅ ብቻ ይለቃል። በመልክ ረጅም ዕድሜ የሚፈልግ ሰው አምስተኛውን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ነገር ግን ዝገት የሚጀምረው ስላይዱ ላይ አይደለም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ወበቃማ በጋ ወገቡ ላይ የሚይዝ ሰው ላቡ የሚበላው ትንንሾቹን ክፍሎች ነው፦ ስላይድ ማቆሚያውን፣ የካዝና መያዣውን ሞላ፣ በኋላ የተገጠመ የብረት ማነጣጠሪያ ካለ እሱንና ብሎኑን። ያገለገለ ሽጉጥ ስመረምር ከስላይዱ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለእነዚህ ነው።

በኋላ የተቀባ ቀለም ያለበት ሽጉጥ ሲገጥመኝ ደግሞ ስላይዱን ገልብጬ የሚንሸራተትባቸውን ሐዲዶችና የመቺው መርፌ ቀዳዳ አካባቢውን አያለሁ። ሴራኮት የሚባለው የሴራሚክ ቀለም ጥሩ ሥራ ነው፣ በትክክል ከተሠራ። ነገር ግን ውፍረት አለው፤ ሐዲዱ ውስጥ ወይም መርፌው በሚመላለስበት ቦታ ከገባ ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ወይም መርፌው ጉልበት ያጣል። ሐዲዱ ላይ ቀለም ያየሁበትን አልገዛም።

ወደ ውስጡ ስንገባ ትልቁ ለውጥ ስላይዱን ወደ ፊት የሚመልሰው ሞላ ነው። ሦስተኛው ትውልድ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ አንድ ሞላ አለው፤ ከአራተኛው ጀምሮ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ድርብ ሞላ ሆነ። የአራተኛው ስላይድ የፊት ቀዳዳ ስለሰፋ የሦስተኛው ሞላ ያለ ማስተካከያ አይገጥምበትም። የመጀመሪያዎቹ የአራተኛው ትውልድ ሞላዎች ችግር ስለነበረባቸው አምራቹ በ2011 በነፃ የመለወጥ ፕሮግራም አውጥቷል፤ የቀድሞ አራተኛ ትውልድ የሚገዛ ሰው ሞላው መለወጡን ይጠይቅ፣ መልስ ካላገኘም አዲስ ይግጠም። ዋጋው ትንሽ ነው። በተለምዶ የሦስተኛው ሞላ በ3,000 ጥይት፣ ድርቡ በ5,000 አካባቢ ይለወጣል። ለመፈተን ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ደግሜ አይቼ አፈሙዙን ወደ ላይ አዘነብላለሁ፣ ቃታውን እንደሳብኩ ስላይዱን ወደ ኋላ ስቤ ቀስ ብዬ እለቃለሁ። ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ሞላው ደክሟል።

ክፍሎችን ማቀያየር የሚያስብ ሰው ይህን ይያዝ፦ የሦስተኛውና የአራተኛው አፈሙዝ ይለዋወጣል፣ የአምስተኛው ግን ወደ ቀደሙት ስላይዶች አይገባም። አምስተኛው ከቃታው በላይ የነበረውን ሦስተኛ ፒን ትቷል፤ የመቺው መርፌ ጫፍና የመርፌ መቆለፊያው ቅርፅም ተቀይሯል። መለዋወጫና የሌላ ድርጅት ሥራ በብዛትና በርካሽ የሚገኘው እስካሁን ለሦስተኛው ነው።

ስተኩስ ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ጥይት፣ እርሳሱ 124 ግሬን (8 ግራም ያህል) በሚመዝን፣ ከአንድ ርቀት፣ ከድጋፍ ላይ አድርጌ ነው። ከሁሉ በፊት የማነጣጠሪያዎቹን ዓይነት አንድ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚለካው አፈሙዙ ሳይሆን ዓይን ነው። የአምስተኛው አፈሙዝ ከድጋፍ ላይ ምቶቹን ይበልጥ ያቀራርባል፣ በእጅ ብቻ ሲተኮስ ግን ልዩነቱ ከተኳሹ ስህተት ሥር ይሰወራል። ቃታው ላይ የአምስተኛው አሳሳብ ለስላሳ ነው፤ ክብደቱ ከቀደሙት ብዙም አይርቅም።

በእኔ ሚዛን የሚወስነው እጀታው ነው። ሦስተኛውና አራተኛው የጣት ጎድጎዳ አላቸው። ጣቶቹ ከጎድጎዳዎቹ ጋር ለገጠሙ ሰው ምቹ ናቸው፤ ላልገጠሙት ጉብታው ጣት ሥር እየገባ በተኮሱ ቁጥር ይቆረቁራል። አምስተኛው ጎድጎዳውን አስወግዷል። አራተኛውና አምስተኛው የሚለዋወጥ ጀርባ አላቸው፤ መካከለኛው 2፣ ትልቁ 4 ሚሊ ሜትር ይጨምራሉ። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ምንም ሳይጨምር ይሞክር። ሽጉጡን ሲይዝ የጠቋሚ ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው መሃል ካረፈ ልኩ እሱ ነው።

ዘይት ሲመለስ ጥቂት ይበቃል፦ አፈሙዙ ዙሪያ፣ በሐዲዶቹ ላይ አንዳንድ ጠብታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በስተኋላ በቀኝ በኩል የቃታው ዘንግ ከማገናኛው ጋር የሚነካካበት ነጥብ ላይ። የመርፌው ቀዳዳ ደረቅ ይሁን፤ ዘይት እዚያ ገብቶ አቧራና ጥቀርሻ ሲይዝ መርፌው ይከብዳል፣ ጥይቱም ሳይፈነዳ ይቀራል። አዲስ ሽጉጥ ላይ ያለውን የመዳብ ቀለም ያለው ቅባት አትጥረጉት፤ ክፍሎቹ እስኪለማመዱ ይጠቅማል።

ለወገኖቻችን ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መግዛትም መያዝም በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ሌላ ሰው በሰጠው ገንዘብ ለእሱ በራስ ስም መግዛት ከባድ ወንጀል ነው። ሜሪላንድ ከግዢው በፊት የብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ምዝገባ። ወደ ኢትዮጵያ ይዞ መግባት የማይታሰብ ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጉዳዩን ጥብቅ አድርጎታል።

ስለ ማህደርና ካዝና ደግሞ፦ የሦስተኛውና የአራተኛው ማህደር አንድ ነው። አምስተኛው በስተቀኝም ስላይድ ማቆሚያ ስላለው ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ የድሮ የፕላስቲክ ማህደር ማቆሚያውን ሊጫነው ይችላል፤ ባዶ ሽጉጥ አስገብታችሁ ሞክሩት። የ17 ጥይት ትልቁ የግሎክ 17 ካዝና በሦስቱም ይሠራል። ግራኝ የሆነ ሰው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ላይ የካዝና መልቀቂያውን ወደ ቀኝ ካዞረው ግን የሦስተኛው ትውልድ ካዝናዎች አይያዙለትም፤ ቦዩ የተቆረጠው በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ፣ በሁለቱም ጎን የተቆረጡትን መግዛት ይኖርበታል።