ጨረስኩ ያልኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቢሮው ዝግ ነው፣ ኢንተርኔት ጠፋብን ብሎ የሚጮህ የለም። እኔና የጥበቃው አባባ ብቻ ነን። ሥራው ደግሞ ቀላል ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን አሮጌ ስዊች (የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኘውን ሳጥን) አውርዶ አዲሱን ባለ 24 ፖርት፣ ማለትም ባለ 24 የኬብል መሰኪያ፣ ሲስኮ ካታሊስት ራኩ ላይ፣ መሣሪያዎቹ የሚደረደሩበት የብረት ካቢኔ ላይ ማሰር። በ8 ሰዓት ጀምሬ ለባለቤቴ "10 ሰዓት ላይ እቤት ነኝ" ብያታለሁ። (ኔትወርክ የሚሠራ ሰው ሰዓት ሲነግራችሁ አትመኑት።)

መጀመሪያ ኬብሎቹን ፎቶ አነሳሁ። ከዚህ በፊት የገጠመው ሰው አንዱም ላይ ምልክት አላደረገም። ሰውየው እኔው ነኝ፣ ከአራት ዓመት በፊት። በነጭ ፕላስተር ቁጥር እየጻፍኩ ስለጥፍ አንድ ሰዓት ሄደ።

ከዚያ ዳዶዎቹ መጡ። ራክ የገጠመ ሰው ያውቃቸዋል፤ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ ክንፏን ጨመቅ አድርገህ የምታስገባት፣ ኬጅ ነት የሚሏት። በጣትህ ልግፋት ካልክ ጥፍርህን ቆንጥጣ ትፈናጠርና ካቢኔው ሥር ትገባለች። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ነው መፍትሄዋ። አራቱንም አስገባሁና አባባን "እስቲ ይያዙልኝ" አልኳቸው። ያዙልኝ። ብሎኑ እምቢ አለ። ለካ በቀኝ በኩል አንድ ቀዳዳ ስቻለሁ። አንድ ዩ፣ የራክ ከፍታ የሚለካበት፣ 4.45 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ በቀዳዳዎቹ መሀል ያለው ርቀት ደግሞ እኩል አይደለም፣ ስለዚህ በአንዷ ከሳትክ ብትገፋውም ብትለማመጠውም አይገጥምም።

"ልጄ፣ ክንዴ ዛለ" አሉ አባባ።

አወረድነው። ዳዶዎቹን በፒንሳ ነቅዬ እንደገና።

የዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ሶኬቶች ሁሉ ተይዘዋል። ሰኞ ማከፋፈያ እገዛለሁ ብዬ ስዊቹን ለጊዜው ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ለጊዜው!

ስዊቹን የማዝበትን ኮንሶል ኬብል ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ ትዕዛዝ የምጽፍበትን ፕሮግራም ፑቲን ከፈትኩ፣ ፍጥነቱን 9600 አደረግኩ። ስም አወጣሁለት፣ ፓስወርድ ሰጠሁት፣ ኔትወርኩን በቪላን ለየብቻ ከፋፈልኩት፤ ቪላን 10 ለሠራተኛው፣ 20 ለስልክ፣ 30 ለካሜራ፣ ወደ ዋናው ስዊች የሚሄደውን ደግሞ ሁሉንም የሚያሳልፍ ትራንክ። ለሙከራ ላፕቶፑን አንድ ፖርት ላይ ሰካሁ። መብራቷ ቢጫ ሆና ቆመች። ሉፕ (ዳታው መውጫ አጥቶ የሚሽከረከርበት ቀለበት) እንዳይኖር እያጣራ እንደሆነና 30 ሰከንድ ገደማ እንደሚፈጅ አውቃለሁ፣ ግን ሁሌም ያቺ ቢጫ መብራት ልቤን ታንጠለጥለዋለች። አረንጓዴ ሆነች። ኢንተርኔት መጣ።

"አባባ፣ ጨረስኩ!"

ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ። ካቻቢቴዬን ቦርሳ ውስጥ ስከት መብራት ሄደ።

ጀነሬተሩ ተነሳ፣ ስዊቹም ተነሳ። ስክሪኑ ላይ ግን አንድ ጥያቄ መጣ፤ የመጀመሪያውን ማዋቀር እንጀምር ወይ? ከካርቶን ዛሬ የወጣ ስዊች የሚጠይቀው ጥያቄ። ሴቭ አላደረግኩም ማለት ነው። የምትጽፈው ሁሉ ራይት ሜሞሪ (የማስቀመጫው ትዕዛዝ) እስክትለው ድረስ ጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ነው ያለው፣ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህን ለተለማማጆች ስንቴ ነው የነገርኳቸው! አንዱንማ ረስቶ ግማሽ ቀን ተቆጥቼዋለሁ። ይቅር ይበለኝ።

ቪላኖቹ ራሳቸው ፍላሽ ላይ ስለሚቀመጡ አልጠፉም። የትኛው ፖርት የትኛው ቪላን ውስጥ እንዳለ፣ ስሙ፣ ፓስወርዱ፣ ትራንኩ ግን የለም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዛሬ ጀምሮ ሹፌር ብሆንስ ብዬ አሰብኩ፣ የምሬን ነው።

ያዳነኝ የላፕቶፑ ባትሪ ነው። ፑቲ አልተዘጋም። መስኮቱን ወደ ላይ ስስበው የጻፍኩት ትዕዛዝ ሁሉ፣ ከነፊደል ግድፈቴ፣ ቁጭ ብሏል። እየቀዳሁ መለጠፍ ጀመርኩ። ብዙውን ባንዴ ስትለጥፍለት ፊደል ይውጣል፣ በዚያ ላይ ቸኩያለሁ። አራት አምስት መስመር እየጎረሰ፣ እኔም እየጠበቅኩት ሄድን። ራይት ሜሞሪ። ኦኬ አለኝ። አላመንኩትም፣ ደገምኩለት። ከዚያ በገዛ እጄ ገመዱን ነቀልኩና መልሼ ሰካሁት። ስሙን አልረሳም።

ስወርድ ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፏል፣ ባለቤቴ ሦስቴ ደውላለች።

"አባባ፣ ጨረስኩ።"

"ቅድምም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር" አሉና ሻዩን መልሰው ሊያሞቁ ገቡ።