ጠባቂው ማሽን

ቀኑን ሙሉ ሰርቨሮቻችንን የሚከታተለውን ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ሌላ ኮምፒውተር) እንደ አዲስ ሳዋቅር ዋልሁ። ከወራት በፊት ስተክለው «ሌሎቹን ከማየት በቀር ምን ሥራ አለው?» ብዬ የተረፈውን ነበር የሰጠሁት፤ ሆስቱ (የተሸከመው እውነተኛው ኮምፒውተር) ሲቸግረው ራሙን የሚቀንስበት፣ ዲስኩ ቀድሞ ያልተያዘለት፣ ለጥገና ሲባልም ማንም ለጥቂት ደቂቃ አግዶ መልሶ የሚያስነሳው ማሽን ነበር። እነዚህ አሠራሮች በራሳቸው መጥፎ አይደሉም፤ ቨርቹዋላይዜሽን የተወደደውም አንዱን ብረት ለብዙ ሥራ ስለሚያካፍል ነው። እንቅልፍ ለተከለከለ ጠባቂ ግን እያንዳንዳቸው ጉድለት ሆነው ተገኙ።

ይህን ያጋለጠው የትናንቱ ዝምታ ነው። የአንድ ሰርቨር ዲስክ ሞልቶ አገልግሎቱ ቆሞ ሳለ አንድም ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም። ዳሽቦርዱን ስከፍት የሁሉም ግራፍ መስመር ከቀኝ ጠርዝ 11 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ተቆርጧል። መጀመሪያ የጠረጠርሁት ኔትወርኩን ነበር፤ መለኪያዎቹን የሚሰበስበውን ፕሮግራም፣ የፕሮሜቴየስን ገጽ ስከፍት ግን በብራውዘሬና በሰርቨሩ መካከል የሰዓት ልዩነት መኖሩን የሚገልጽ ማሳሰቢያ አየሁ። ማሽኑ ለጥገና ታግዶ ሲነሳ ሰዓቱ የቀጠለው ከታገደበት ቅጽበት ነበር። ፕሮሜቴየስ ማስጠንቀቂያውን አስነስቶ ልኳል፤ የሚልከው ግን የማብቂያ ጊዜ ጨምሮበት ነው፤ ይህም በእኛ አቀማመጥ ከመላኪያው 4 ደቂቃ በኋላ ይሆናል። ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ ወደ እኔ የሚያስተላልፈው አለርትማኔጀር ያለው በሌላ ማሽን ላይ ነው፣ ሰዓቱም ትክክል ነው፤ ስለዚህ የደረሰውን ሁሉ ከ7 ደቂቃ በፊት እንዳበቃ ጉዳይ ቆጥሮ ዝም አለ።

ሰዓት አስተካካዩ ፕሮግራም ክሮኒ በማሽኑ ላይ መጫኑም አላዳነኝም። አብሮት የመጣው ማስተካከያ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ እንዲያዘልል የሚፈቅድለት ከተነሳ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 3 እርማቶች ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱን ቀስ እያለ ነው የሚያጠብበው፣ 11 ደቂቃን ለማጥበብ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ቁጥሩን ከ3 ወደ -1 ቀየርሁት፤ ከአሁን በኋላ ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ በበለጠ ጊዜ ሁሉ ወዲያው ያስተካክላል። የአንዲት አኃዝ ጉዳይ ሆኖ ሳለ ግማሽ ቀኔን መብላቷ ያናድዳል።

ሲፒዩው ላይ ያገኘሁት ደግሞ በራሴ ያሳፈረኝ ነው። ሌላውን ሁሉ ነፍጌ ኮር (የሲፒዩው ማስሊያ ክፍል) ላይ ብቻ ቸር ሆኜ 8 ሰጥቼው ነበር፤ ሆስቱ ራሱ ያሉት 8 ኮሮች ናቸው፣ እነሱንም ከሌሎች ማሽኖች ጋር ይሻማል። የማሽኑን ጭነት በሚያሳየው በቶፕ ትእዛዝ ላይ ከመስመሩ መጨረሻ ያለውን የስቲል ቁጥር ስመለከት፣ ማሽኑ ሥራ እያለው ተራ በመጠበቅ የሚያባክነው ጊዜ ቀላል አልነበረም። ወደ 2 ኮር ዝቅ ሳደርገው ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተጠጋ፤ ዳሽቦርዱም ፈጠን ብሎ መከፈት ጀመረ። የራሙን መቀነስና መጨመር ዘግቼ 4 ጊጋባይት ቋሚ አድርጌለታለሁ፤ ፕሮሜቴየስ የቅርብ ሰዓታቱን መረጃ ራም ላይ ስለሚይዝ ከሥሩ ሲቀነስበት ሊኑክስ ይገድለዋል።

ለዲስኩ ከመገመት ይልቅ አሰላሁ። 20 ሰርቨሮች አሉን፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ያህል መለኪያ ይሰጣሉ፣ ንባቡም በየ15 ሰከንዱ ነው፤ ይህ በቀን 115 ሚሊዮን ንባብ ይሆናል። አንዱ ንባብ ቢበዛ 2 ባይት ይይዛል ብንል በቀን 230 ሜጋባይት፣ ለ90 ቀን ደግሞ 21 ጊጋባይት ገደማ ነው። 40 ጊጋባይት ከመነሻው ሙሉ በሙሉ አስይዤ፣ ሳይነካ የቆየውን የ15 ቀን የማቆያ ጊዜ ወደ 90 ከፍ አደረግሁ። ኔትወርኩን ከናት (በሆስቱ አድራሻ ተሸፍኖ ከመገናኘት) ወደ ብሪጅ (በራሱ አድራሻ በቀጥታ ወደ መገናኘት) መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ማሽኑን ከሚከታተላቸው ሰርቨሮች ሆስት አውጥቼ ወደ ሌላ ሆስት ያዛወርሁት አመሻሽ ላይ ነው። ከዚያ ሆን ብዬ ለ10 ደቂቃ አገድሁትና አስነሳሁት። የክሮኒን ሁኔታ እየደጋገምሁ ሳይ ሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ በአንድ ዝላይ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለሙከራ ያስነሳሁት ማስጠንቀቂያም ስልኬ ላይ ደረሰ። ግራፉ ላይ የ10 ደቂቃ ባዶ ቦታ ቀርቷል፤ ምክንያቱን በአጭሩ ጽፌበት ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።